ቦክሱ ለምን ይቆራረጣል? ከቱሉ ዲምቱ የጥገና ሱቅ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ቱሉ ዲምቱ፣ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ከኮንዶሚኒየም ብሎክ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነው። ድሮ ስልክና ሪሲቨር ነበር የምጠግነው፤ አሁን አሁን የሚበዛው አንድሮይድ ቦክስ ነው፣ ከቲቪ ጋር ተያይዞ ፊልም ከኢንተርኔት የሚያሳየው ትንሽ ዕቃ። ሰው ቦክሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣና «ይሄ ነገር ሞቷል፤ ሌላ ልግዛ?» ይለኛል። ከሱቁ ዋይፋይ ጋር አገናኘዋለሁ፤ ፊልሙ ኩልል ብሎ ይሄዳል። ደንበኛው ግራ ይገባዋል፣ እኔም ምንም ሳልሠራ ሒሳብ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ከታች ያሉት በሱቁ መስኮት በኩል በየቀኑ የሚጠየቁኝ ናቸው።

ፊልሙ መሃል ላይ ቀጥ ይልና ክቡ ነገር ይሽከረከራል። ቦክሱ ተበላሽቶ ነው?

ብዙ ጊዜ ቦክሱ ጤነኛ ነው። ቦክሱ ፊልሙን ከነሙሉው አውርዶ አያሳይም፤ ጥቂት ጥቂት ሰከንድ እየቀዳ ያጠራቅማል፣ ካጠራቀመው ላይ ያሳያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፦ በቧንቧ የሚገባው ከበርሜሉ ከሚቀዳው ካነሰ በርሜሉ ይደርቃል። ክቡ ሲሽከረከር በርሜሉ ደርቋል ማለት ነው። አዲስ በርሜል ቢገዙ ውሃው አይጨምርም።

ፊልሙ እርስዎ ጋ እስኪደርስ የሚያልፍባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ ከውጭ የሚመጣው መስመር፣ ራውተሩ፣ ዋይፋዩ፣ በመጨረሻም ቦክሱ። የትኛው ጋ እንደሚቋረጥ ለማወቅ ስልክዎ ይበቃል። መጀመሪያ የስልኩን ዳታ ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ስልኩ በራሱ ዳታ ይሠራና «ዋይፋዩማ ፈጣን ነው» ብለው ይሟገቱኛል። ከዚያ ራውተሩ አጠገብ ቆመው ፋስት ዶት ኮም የሚለውን ገጽ ይክፈቱ። የኔትፍሊክስ የራሱ መለኪያ ነው፤ ምንም ሳይጫኑ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩን ይጻፉት። ቀጥሎ ስልኩን ቦክሱ ላይ አስቀምጠው ይድገሙት።

ሁለቱም ቁጥር ትንሽ ከሆነ መስመሩ ነው፤ ቦክስ መግዛት አያድንዎትም። ራውተሩ ጋ ጥሩ ሆኖ ቦክሱ ጋ ከወደቀ ዋይፋዩ ነው። ሁለቱም ቦታ ጥሩ ሆኖ ቲቪው ብቻ ከቆመ፣ ያኔ ቦክሱን በፌስታሉ ይዘው ይምጡ።

5 ሜጋ ነው የገባሁት። አይበቃም?

ለአንድ ቲቪ ይበቃል፣ ለብቻው ከሆነ። ኔትፍሊክስ ለ720 ጥራት 3፣ ለ1080 ጥራት 5፣ ለ4ኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ እንዲኖር ይመክራል፤ ቁጥሩ በጨመረ ምስሉ ይጠራል፣ 1080 ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ነው፣ 4ኬ ከእሱም ይበልጣል። ዩቲዩብ ለ4ኬ 20 ይፈልጋል፤ ለ480 ጥራት ግን 1.1 ይበቃዋል። ችግሩ ቤት ውስጥ ቲቪው ብቻውን አይደለም። ልጁ ክፍሉ ውስጥ ቲክቶክ ከፍቷል፣ ስልክዎ ፎቶ ወደ ጎግል እየጫነ ነው፣ ላፕቶፑ ሳይነግርዎ አፕዴት እያደረገ ነው። 5ቱን ለአራት ሲካፈሉት ለቲቪው የሚተርፈው ያው ክቡ ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንድ ደንበኛ ፋይል ሲያወርድ ስልኩ «600 ኪሎ ባይት በሰከንድ» ስላለው ተዘረፍኩ ብሎ በቁጣ መጣ። አልተዘረፈም። መስመር የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋ ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ 8 ቢት ነው። 5ን ለ8 ያካፍሉት፦ 0.625፣ ማለትም 600 ኪሎ ገደማ። የከፈለበትን እያገኘ ነበር።

በስልክ ሆትስፖት የምታዩ ደግሞ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ፓኬጁንም አስቡ። ኔትፍሊክስ በሙሉ ኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ በ4ኬ እስከ 7 ይደርሳል። በዝቅተኛው ጥራት 0.3 ጊጋ ገደማ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም በኤችዲ አይቶ «ፓኬጄን ማን በላው?» የሚል ሰው፣ ራሱ ነው የበላው።

የእኔ ምክር፦ ቲቪዎ 32 ኢንች ከሆነና ሶፋው ሁለት ሦስት ሜትር ከራቀ 720ን ከ1080 ለመለየት ዓይንዎን ማጨንቆር አለብዎት። ዩቲዩብ ላይ የሴቲንጉን ባለ ጥርስ ክብ ምልክት ነክተው ጥራቱን በእጅዎ 720 ላይ ያቁሙት። ኔትፍሊክስ ላይ ደግሞ በስልክ ብራውዘር አካውንትዎ ውስጥ ገብተው የዳታ አጠቃቀሙን ወደ መካከለኛ ያውርዱ። የማይቆም 720 ከሚቆም 4ኬ ይሻላል።

ስልኬ ላይ ይሠራል፣ ቲቪው ላይ ግን አይሠራም

ስልክዎን ይዘው ይንቀሳቀሳሉ፤ ቦክሱ ግን ካስቀመጡት ጥግ አይነሳም። ያስቀመጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቲቪው ጀርባ ነው፣ በብረት ማንጠልጠያውና በግድግዳው መሃል። ዋይፋይ ብረትና ኮንክሪት አይወድም። የኮንዶሚኒየም ቤት ደግሞ ራውተሩ ሽቦው በሚገባበት በር አጠገብ ይተከላል፣ ቲቪው ሳሎኑ ዳር ይሰቀላል፣ በመሃል የኮንክሪት ዓምድ ይቆማል። ቦክሱን ከቲቪው ጀርባ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡት ብቻ ለውጥ የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ገንዘብ የማያስወጣ ስለሆነ መጀመሪያ ይህን ይሞክሩ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሁለት ስም ያለው ዋይፋይ ነው። ብዙ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋ ኸርዝ ይሠራሉ፤ ሁለተኛውን ስም መጨረሻ ላይ «5ጂ» የሚል ይጨምሩበታል። ይህ ከስልኩ 5ጂ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ «ቤቴ 5ጂ አለኝ» እያለ የሚኩራራ ጎረቤት ስላለኝ ነው የምናገረው። 2.4 ግድግዳ አልፎ ይሄዳል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፣ በዚያ ላይ ብሉቱዝም ማይክሮዌቭ ምድጃም እዚያው ሰፈር ናቸው። 5 ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ሲያጋጥመው ቶሎ ይደክማል። ቦክሱና ራውተሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ 5ን፣ ከተራራቁ 2.4ን ይምረጡ። ርካሽ ቦክሶች 5ን ጭራሽ አያዩትም፤ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካልመጣ ቦክሱ አይችልም ማለት ነው።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። 2.4 ላይ አንዱ ሌላውን የማይረብሽባቸው ቻናሎች (የቲቪ ሳይሆን የዋይፋይ ሞገድ መስመሮች) ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አንድ ብሎክ ውስጥ ደግሞ በየፎቁ በየበሩ ራውተር አለ። ሱቄ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ስከፍት የስሞቹ ዝርዝር አንድ ገጽ አይበቃውም። ዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ስልክዎ ላይ ይጫኑ፣ ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን ይዩ፣ የራውተሩን የሴቲንግ ገጽ በብራውዘር ከፍተው ያንን ይምረጡ።

ይህን ሁሉ መልፋት ካልፈለጉ ግን ኬብል ይዘርጉ። ከራውተሩ እስከ ቦክሱ፣ በግድግዳው ጠርዝ፣ በምንጣፉ ሥር። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ቤታችን እንኳን መቶ ሜትር ሃያም የለው። የአብዛኛው ቦክስ መሰኪያ 100 ሜጋ ቢት ነው፤ ለ4ኬ ከበቂ በላይ ነው። ባለቤቴ «ሽቦ ቤት ያበላሻል» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ግን እኛ ቤት ክቡ ከተሽከረከረ ቆይቷል።

ማታ ማታ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ

ማታ ሁሉም ቤት ገብቷል፣ ሁሉም ከፍቷል። መስመሩን የሚጋሩት ሲበዙ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል፤ በተለይ በሲም ካርድ በሚሠራ ራውተር የሚጠቀሙ ከአንድ ምሰሶ ስለሚቀዱ ቶሎ ይሰማቸዋል። ይህን እርስዎም እኔም አንጠግነውም። የሲም ራውተር ከሆነ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይረዳል። ሌላው ብልሃት ሌሊት ወይም ጠዋት ማውረድ ነው፤ ኔትፍሊክስም ዩቲዩብ ፕሪሚየምም ስልክ ላይ ማውረድ ይፈቅዳሉ።

የይለፍ ቃሉን ለጎረቤት የሰጣችሁ ደግሞ፦ ስጡ፣ ጉርብትና ነው፤ ግን ማታ ሲቆራረጥ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ይሁን። ራውተሩ ውስጥ ሲገቡ ስንት ዕቃ እንደተገናኘ ይታያል። ሦስት ሰው ያለበት ቤት ውስጥ 14 ዕቃ ተገናኝቶ ያየሁበት ቀን አለ።

እንጀራ ሲጋገር ዋይፋዩ ይጠፋል። ስናገር ሰው ይስቅብኛል

እኔ አልስቅም። ከላይኛው ፎቅ ያሉ አንዲት እናት መጥተው «ልጄ፣ ሁልጊዜ አይደለም፤ ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ ነው የሚጠፋው» አሉኝ። ሰው ሲሰማ የኔትወርክ ችግር በቀን ይመጣል እንዴ ይላል። ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁ። ምጣዱን ሲሰኩት የሳሎኑ አምፖል ደብዘዝ አለ፤ በዚያው ቅጽበት የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፍተው እንደገና አንድ በአንድ መብራት ጀመሩ። ረቡዕና ቅዳሜ የሚጋግሩባቸው ቀናት ናቸው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ13 አምፔር በላይ ማለት ነው። ሽቦው ቀጭን ከሆነ ወይም ግንኙነቱ ከላላ ቮልቴጁ ይወርዳል። አምፖል ደብዘዝ ብሎ ይችለዋል፤ ራውተር ግን ለአንድ አፍታ ቢያጣም ጠፍቶ ይነሳል፣ ተነስቶ መስመሩን እስኪይዝ ደግሞ ደቂቃዎች ይወስዳል። እኚህ እናት ምጣዱንና ራውተሩን የሰኩት አንድ ዲቫይደር ላይ ነበር። ይህ ከዋይፋይ አልፎ ለእሳትም አደጋ ነው፤ ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ሶኬት ይፈልጋል፣ ዲቫይደር ላይ አይሰካም።

ለራውተሩ ደግሞ ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይግዙለት፤ ሚኒ ዩፒኤስ የሚሏት ናት። በምጣዱም በመብራት መጥፋትም ጊዜ ራውተሩን ታቆየዋለች። ምጣድ ሳይሰካም አምፖሉ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ የመብራት ነው፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ማዕከል 905 ነው።

መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ዋይፋይ «ተገናኝቷል» ይላል፣ ግን ምንም አይከፈትም

ሌላ ምንም ከመንካትዎ በፊት የቦክሱን ቀን ይመልከቱ።

ርካሽ ቦክሶች ሰዓት የሚጠብቅ ባትሪ ውስጣቸው የለም። መብራት ሲጠፋ ቀኑን ይረሳሉ፤ ሲነሱ ራሳቸውን 1970 ላይ ወይም ፋብሪካ በሰጣቸው አንድ አሮጌ ቀን ላይ ያገኙታል። ዩቲዩብም ሆነ ኔትፍሊክስ ሲከፈት ከወዲያኛው ወገን የምስክር ወረቀት ይቀርባል፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። በቦክሱ አቆጣጠር ያ ወረቀት ገና አልተጻፈም። ስለዚህ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይልና ይዘጋል። ዋይፋዩ ምንም አልሆነም።

ይህን የሚያውቁ ሰዎች ቀኑን በእጃቸው ያስተካክላሉ፣ የእኛ አገር ልዩ ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በጥቅምት ወር አንድ ወጣት መጣ። «ጋሼ፣ ቀኑን አስተካክያለሁ እኮ፣ አሁንም እምቢ አለ» አለኝ። እዚሁ ሰክቼ ቤት ያስገባውን እንዲደግመው አደረግኩ። ዓመቱ 2018፣ ወሩ 2፣ ቀኑ 12፣ ሰዓቱ 3 ከ20። ለእኛ ልክ ነው፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018፣ ከምሽቱ 3 ከ20። ቦክሱ ግን በፈረንጆቹ ነው የሚቆጥረው፤ ልጁ ሳያውቅ ከሰባት ዓመት በላይ ወደኋላ መልሶታል፣ ሰዓቱንም በስድስት ሰዓት አዛብቶታል። ቦክሱ በፈረንጅ የካቲት 2018 ላይ ቁጭ ብሎ የ2025ን ፊልም እየጠበቀ ነበር። ልጁ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

መፍትሔው፦ ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ይክፈቱ፣ «ከኔትወርክ ውሰድ» የሚለውን ያብሩ፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርጉት። አዲስ አበባ ከዝርዝሩ ከጠፋ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። በእጅ መጻፍ ግድ ከሆነ ስልክዎ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን አይተው ይገልብጡ። ከዚያ ቦክሱን አጥፍተው ያስነሱት።

ኔትፍሊክስ ደብዝዟል። ዩቲዩብ ግን ጥርት ብሎ ይታያል። ፍጥነቴ 20 ሜጋ ነው

ይህ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም፣ የፈቃድ ነው። ኔትፍሊክስ ፊልሙን የሚልከው ዋይድቫይን በሚባል ቁልፍ ቆልፎ ነው። ይህን ቁልፍ በሃርድዌር ደረጃ የሚይዙ ዕቃዎች ኤል1 ይባላሉ፤ በሶፍትዌር ብቻ የሚይዙት ኤል3። ኤል3 ለሆነ ቦክስ ኔትፍሊክስ ከ480 ጥራት በላይ አይልክም፣ መስመርዎ 100 ሜጋ ቢሆንም። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» ወይም «8ኬ» ተብሎ የተጻፈባቸው ብዙ ርካሽ ቦክሶች ኤል3 ናቸው። ዲአርኤም ኢንፎ የተባለው አፕ ደረጃውን ይነግርዎታል።

ይህን በሱቄ ማስተካከል አልችልም፤ ሌላም ሰው «አስተካክላለሁ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቅዎት አይስጡ። ኔትፍሊክስን በጥራት ማየት የሚፈልግ ሰው ሲገዛ ፈቃድ ያለውን ይግዛ፦ የሻኦሚን የጎግል ቲቪ ቦክስ ወይም የአማዞንን ፋየር ስቲክ። በ4ኬ ለማየት ደግሞ ቲቪው ላይ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ኤችዲሲፒ 2.2 የሚባለውን የቅጂ መከላከያ መደገፍ አለበት፤ አሮጌ 4ኬ ቲቪዎች ላይ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው የሚችለው፣ ስለዚህ ቀዳዳ እየቀያየሩ ይሞክሩ።

ጎረቤቴ ጎሉን ከእኔ ቀድሞ ይጮኻል። ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው?

እሱ በዲሽ ነው የሚያየው፣ እርስዎ በኢንተርኔት። በኢንተርኔት የሚመጣ ቀጥታ ጨዋታ በትንንሽ ቁራጭ ይቆረጣል፣ በየጥራቱ ይዘጋጃል፣ ቦክሱም ጥቂት ቁራጭ አጠራቅሞ ነው የሚጀምረው። በዚህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ መዘግየት የተለመደ ነው፤ 50 ሜጋ ቢገቡም አይቀርም። ቅዳሜ ማታ ከላይኛው ፎቅ «ጎል!» ሲባል የእርስዎ ተጫዋች ገና መሃል ሜዳ ላይ ኳስ ያንሸራሽራል። መስኮት ዝጉ ከማለት ሌላ መድኃኒት የለኝም።

ቀጥታ ስርጭት ከፊልም ይልቅ ቶሎ የሚቆራረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያልተጫወቱትን ኳስ ማጠራቀም ስለማይቻል በርሜሉ ሁልጊዜ ትንሽ ነው።

ድምፁ ከአፋቸው እንቅስቃሴ ጋር አይገጥምም

በብሉቱዝ ስፒከር ከሆነ ከብሉቱዙ ነው፤ በሽቦ ያገናኙት። ካልሆነ ቪዲዮውን አቁመው እንደገና ያስነሱት። አሁንም ካልገጠመ የቲቪውን ወይም የማጫወቻውን የድምፅ መዘግየት ማስተካከያ ይፈልጉ።

ፍላሽ ላይ ያመጣሁት ፊልም ድምፅ አለው፣ ምስሉ ግን ይንቀጠቀጣል ወይም ጥቁር ነው

ፊልሙ የታሸገበት መንገድ ከቦክሱ አቅም በላይ ነው። ኤች 264 የሚባለው አስተሻሸግ ከ2003 ጀምሮ ስላለ (እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው) ሁሉም ቦክስ ይፈታዋል። ኤች 265 ከ2013 ነው፤ ያረጁ ቦክሶች ይቸገራሉ። ኤቪ1 ደግሞ ከ2018 ወዲህ ስለመጣ ብዙ ርካሽ ቦክስ በቺፑ ስለማይፈታው በጉልበት ለመፍታት ሲታገል ይንቀጠቀጣል። ቪኤልሲ ወይም ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ አፕ ጭነው ይሞክሩ፤ ካልሆነ ያንኑ ፊልም በኤች 264 የተዘጋጀውን ይፈልጉ።

ፋይሉ ጭራሽ ፍላሹ ላይ አልገለበጥ ካለና መጠኑ ከ4 ጊጋ ከበለጠ ፍላሹ በፋት32 የተዘጋጀ ነው፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ይቀይሩት። ሲቀይሩት ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድመው ይገልብጡ።

አንድ ሰዓት ይሠራና ይንቀራፈፋል፣ ከዚያ ራሱ ይጠፋል

ላዩ ላይ ዳንቴል አለ? ጥያቄዬ ቀልድ አይደለም። ቤታችን የቆመ ዕቃ ሁሉ ዳንቴል ይለብሳል፤ ቦክስ ግን ራሱን የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ የለውም፣ በክዳኑና በሆዱ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስበት ይጠፋል። ዳንቴሉን ያንሱ፣ ከሪሲቨሩ ላይ አውርደው ብቻውን ያስቀምጡት፣ ከሥሩ አራት የጠርሙስ ክዳን ቢያደርጉለትም አየር ያገኛል። አቧራውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ የእኛ ሰፈር የበጋ አቧራ ቀዳዳውን ለመድፈን ብዙም አይቆይም።

ሳይሞቅ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ውስጡ ሞልቷል። 8 ጊጋ የተባለ ቦክስ ሲስተሙ የራሱን ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የማይጠቀሙበትን አፕ ያጥፉ፣ የዩቲዩብንና የኔትፍሊክስን ካሽ (በጊዜያዊነት ያጠራቀሙትን) ያጽዱ። «ዳታ አጥፋ» የሚለውን ከነኩ ግን የይለፍ ቃል እንደገና ይጠይቅዎታል፤ የይለፍ ቃሉ ልጅዎ ጋ ከሆነ ልጁ ቤት እስኪገባ ይጠብቁ።

«ሁሉም ቻናል በነፃ» የተባለ ቦክስ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔቱ ለሁሉም ዘገየ

ሶኬቱን ይንቀሉት፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን ይለኩት። ከፈጠነ ምክንያቱን አገኙት። አንዳንድ ስም የለሽ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ተንኮለኛ ሶፍትዌር ውስጣቸው አለ፤ የእርስዎን መስመር እርስዎ ሳያውቁ ለማያውቁት ሰው መተላለፊያ ያደርጉታል። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በሰኔ 2025 በፈረንጆቹ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው የዚህ ዓይነት መረብ ሕዝቡን አስጠንቅቋል፤ ከተጠቀሱት ዕቃዎች መካከል የቲቪ ቦክስ ይገኝበታል። ምልክቶቹም ተዘርዝረዋል፦ የጎግል ፕሌይ ጥበቃን አጥፋ ብሎ መጠየቅ፣ ካልታወቀ የአፕ መደብር ማውረድ፣ «የተከፈተ» ወይም «ሁሉም በነፃ» ተብሎ መሸጥ።

እንዲህ ያለ ቦክስ ሪሴት ቢያደርጉትም አይድንም፣ ክፋቱ ሲስተሙ ውስጥ ነውና። የጎግል አካውንትዎን አስገብተውበት ከነበረ የይለፍ ቃሉን ከሌላ ስልክ ይቀይሩ። ቦክሱን ለዘመድ አይስጡት።

ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል

ፋይበር ከሆነና ቀዩ «ኤልኦኤስ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ከሆነ ብርሃኑ ቤትዎ አልደረሰም። ቀጭኑ ነጭ ወይም ቢጫ ሽቦ በሶፋ እግር ተጨፍልቆ ወይም ጥግ ላይ ተሰብሮ እንዳይሆን ይዩ፤ ፋይበር በውስጡ መስታወት ስለሆነ እንደ መብራት ሽቦ አይታጠፍም። ነቅለው ጫፉን በዓይንዎ አይመልከቱ፤ የማይታይ ሌዘር ነው። ሽቦው ደህና ከሆነ ከውጭ ተቆርጧል። አዳዲስ መንገድና ቤት በሚቆፈርበት በእኛ ዳርቻ ይህ ብርቅ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ 994 ይደውሉ፤ ሲደውሉ «ኢንተርኔት ዘገየ» ከማለት «ኤልኦኤስ ቀይ ነው» ማለት ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል።

ዝናብ ሲዘንብ ይቆራረጣል?

ዲሽ አዎ፣ ወፍራም ዝናብ ሞገዱን ይውጠዋል። ፋይበር ዝናብ አይሰማውም። በመዳብ ስልክ መስመር የሚጠቀሙ ግን መጋጠሚያው ውሃ ከገባው ክረምቱን ሙሉ ይቸገራሉ።

ሁሉንም ሞከርኩ። ሱቅ ሳመጣው ምን ይዤ ልምጣ?

ቦክሱን፣ ሪሞቱን፣ የራሱን ቻርጀር። የጽሑፍ ስህተት የሚያሳይ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንስተው ይምጡ፤ «የሆነ ነገር ይላል» ብለው ሲነግሩኝ ያ የሆነ ነገር ሱቄ ውስጥ አይደገምም።

ቻርጀሩን «የራሱን» ያልኩት በምክንያት ነው። የአብዛኛው ቦክስ ቻርጀር 5 ቮልት ነው፣ የአብዛኛው ራውተር 12። ጫፋቸው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ክብ ነው፣ አንዱ ለሌላው ልክክ ብሎ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይነቀላል፣ ሲመጣ በጨለማ የተምታታው ይሰካል። እኔ ራሴ፣ ይህን ሥራ ዓመታት ከሠራሁ በኋላ፣ እያወራሁ የደንበኛ ቦክስ ላይ የራውተር ቻርጀር ሰክቻለሁ። ትንሽ ጢስ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ አለቀ። ሌላ ገዝቼ ተካሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ የገባ ቻርጀር ሁሉ ነጭ ፕላስተር ይለጠፍበታል፣ በእስክሪብቶ «5» ወይም «12» ተብሎ። እርስዎም ቤት ዛሬውኑ ይለጥፉበት፤ ፕላስተር ከሌለዎት ከሱቄ በነፃ ይውሰዱ።